የኔታ አውሮፕላን ያዜሙ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቢሾፍቱ ወስዳኝ የአውሮፕላን ትርኢት አየሁ። አዲሶቹ ጄቶች ሰማዩን እየቀደዱ ሲያልፉ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔ ብዙም አልሞቀኝም። ኋላ ፊቴን አዙሬ የተጠበሰ በቆሎ ስገዛ ከሜዳው ጥግ አንድ አሮጌ ሞተር ሁለት ሦስቴ አስሎ ተነሣ። «ዳኮታ ነው» አልኩ ሳልዞር። ልጄ ዞራ አየችና «አባዬ፣ ጀርባህ ላይ ዓይን አለህ እንዴ?» አለችኝ። ዓይን እንኳ የለኝም፤ ያለኝ ጆሮ ነው። እሱም በወጣትነቴ ሊያስበላኝ ነበር።

ያደግሁት ዳባት ነው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ዘንድ ጾመ ድጓ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ድጓውን መተው አይታሰብም፤ ዘመኑ የደርግ ስለነበር አስኳላውንም መተው አይታሰብም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ልቤ ግን ከሁለቱም ጋር አልነበረም። ከጎንደር በኩል መጥተው ወደ ሰሜን የሚያልፉ የጦር አውሮፕላኖች ወስደውት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ባገኘሁት አሮጌ መጽሔት ስማቸውን አጠናሁ። ዳኮታ የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ያኔም ሽማግሌ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ። ለዚህም ይሆናል አብልጬ የወደድኩት። ምን ጭነው ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅሁም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በበጋ በዓይኔ እለያቸዋለሁ። ክረምት ሲገባ ግን የዳባት ጉም አጥር ማዶ ያለውን በሬ እንኳ አያሳይም። እናቴ ደጅ ቆሜ ወደ ጉሙ ሳንጋጥጥ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትስቅብኛለች። የሚቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፅ የሚጻፍበትን መንገድ ደግሞ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። የኔታ ያስተማሩን የዜማ ምልክት፣ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን ጭረቶችና ነጥቦች፣ ድምፅ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ይናገራሉ። ስለዚህ «ሁ ሁ ሁ» ብዬ እጽፍና ለዳኮታው የሚንቀጠቀጠውን ርክርክ፣ ለጄቱ ወደ ላይ የሚያወጣውን ቅናት፣ ሲርቅ ዝቅ የሚያደርገውን ድፋት አደርግበታለሁ። ከጎኑ ቀኑንና ሰዓቱን። በሁለት ክረምት አንድ ደብተር ሊሞላልኝ ጥቂት ገጽ ቀረው። ለየኔታ ግን አላሳየሁም። ለምስጋና የተሰጠ ምልክት ለብረት ማዋሌን ቢሰሙ ከጉባኤው እንደሚያባርሩኝ አልተጠራጠርኩም።

ከሁለተኛው ክረምት በኋላ በመስከረም ለአብዮቱ በዓል አውሮፕላኖች በደባርቅ ላይ ያልፋሉ ተባለ። ዕንቁጣጣሽ በዋለ ማግስት በጭነት መኪና ደባርቅ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሕዝቡ መፈክር ሲያሰማ እኔ ጉብታ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ዘረጋሁ። ሁለት ጄቶች አለፉ፤ ከኋላቸው ዳኮታው እያጓራ መጣ። እየጻፍኩ ሳለ አንድ የአብዮት ጥበቃ ክንዴን ይዞ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደብተሩን ገልብጦ ገልብጦ አየ። ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ የጦር አውሮፕላን ስም አለ፣ ማንም የማያነበው ምልክት አለ። «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለኝ።

«ለማንም። ዜማ ነው፣ ጓድ።»

«አውሮፕላን ይዘምራል?»

መልሴን ሳይጠብቅ «ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ይምጣ» አለ። «ከሌለ መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ጎንደር ይወርዳል፤ አብረህ ትሄዳለህ።» በእንዲህ ያለ ነገር ጎንደር የወረደ ሰው እምብዛም አይመለስም ነበር። የደባርቅ ደብተራ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር፤ በድንጋጤ ከአፌ የወጣው ግን የየኔታ ስም ነው። በሹፌር ተላከባቸው። እኔም ወዲያው ተጸጸትኩ። «ይህ ዜማ አይደለም፣ ድፍረት ነው» ቢሉስ?

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ የኔታ ገብስ በጫነ መኪና መጡ። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ ቀና ብለውም አላዩኝ። ሊቀ መንበሩ እኔን ከግቢው ውጭ ድምፅ ወደማይሰማበት አስወጣኝ። ጠባቂው አዝኖልኝ ቅቅል ድንች ሰጠኝ። ቆይቶ ተጠራሁ።

ሊቀ መንበሩ አንድ ገጽ ገልጦ «እሳቸው ይህን አዚመውልኛል፤ በል፣ አንተም አዚም» አለኝ። ያ የሐምሌው ዳኮታ ነበር። «ሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ ርክርኩን አወረድኩ፤ እስከ መጨረሻው አደረስኩ።

«አንድ ቦታ ላይ ተለያይታችኋል» አለ ሊቀ መንበሩ። «መጨረሻው ላይ እርስዎ ያሉትን እሱ አላለም።»

የኔታ መሬቱን በመቋሚያቸው መታ አደረጉ።

«የጻፈው ትክክል ነው፣ ልጄ። ያለው ነው ስሕተቱ። ድፋት ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገርኩት፤ አይሰማም!»

«ጓድ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ ልጄ። ካላመንህ ከጾመ ድጓው አንዱን እዘዘው፤ እዚያም እንዲሁ ነው የሚያበላሸው።»

ታዘዝኩ። ከቅድስት፣ ከዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ዜማ፣ አንድ አዜምኩ፤ እንደተባለውም ድፋቱ ላይ ቸኮልኩ። «ይኸው!» አሉ የኔታ በድል አድራጊነት። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ኋላ ግን አልቻለም፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጠባቂዎቹም ሳቁ። ያልሳቅነው እኔና የኔታ ብቻ ነን። ሊቀ መንበሩ ደብተሩን አስቀርቶ «ይውሰዱት፣ አባ። በደንብ ያስተምሩት» አለ።

ገብሱን ባራገፈው መኪና ላይ ተቀምጠን ወደ ዳባት ተመለስን።

«ንስሐ ትገባለህ» አሉኝ መሃል መንገድ ላይ ወቅን ስንደርስ።

«እሺ፣ የኔታ።»

የነጠላቸውን አቧራ አራገፉና «ያ ርክርኩ የሚረዝመው ማን ነበር?»

«ዳኮታ ይባላል።»

«ደግ ድምፅ አለው» አሉ፤ ነጠላቸውንም ተከናነቡ። ያኔ አለቀስኩ። የተረፍኩ መሆኔ የገባኝ ሊቀ መንበሩ ሲለቀኝ ሳይሆን እሳቸው ይህን ሲሉ ነው።

ይህን ሁሉ ቢሾፍቱ ላይ ለልጄ ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ ከቦርሳዋ ብዕርና ወረቀት አውጥታ «በል ጻፈው፤ ይኸው እየበረረ ነው» አለችኝ። አሳፈረችኝና ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሳልጽፍ አንድ ወጣት ወታደር ሕዝቡን እየከፈለ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ልጄ እንዳላየችኝ እርግጠኛ ነኝ፤ ወረቀቱ ግን እጄ ውስጥ ተጨማድዶ ነበር።

«አባባ» አለኝ፣ «ፀሐዩ ይጎዳዎታል፤ ወንበር ላምጣልዎት?»

አመጣልኝ። ከአርባ ዓመት በላይ ባለ መሣሪያ ሰው ሲቀርበኝ እጄን ከወረቀት ላይ ሳነሣ ኖሬያለሁ፤ የምጽፈው ደብዳቤ እንኳ ቢሆን። ቅዳሜ ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አቃናሁትና፣ ወታደሩ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ፣ ጽፌ ጨረስኩ።