ከምሰሶው የወጣው ጢንዚዛ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ በስልኳ የአንድ ትልቅ ጢንዚዛ ፎቶ አሳየችኝ። «እይው እስኪ፣ ሲያምር!» አለችኝ። አላማረኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ በደንብ አውቀዋለሁ።

አባቴ ከይጁቤ ወረድ ብላ ባለች ደብር የደን ጠባቂ ነበር። ምሳውን ይዤለት ስሄድ የሚቀበለኝ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። ጢንዚዛውም አልጠፋም። አውራ ጣት ያህላል፤ ከገላው የረዘሙ ሁለት ቀንዶቹን እያወዛወዘ ግንዱ ላይ ይንጎራደዳል። ስንይዘው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ በጀርባው ስንገለብጠው ያ ሁሉ ኩራቱ ጠፍቶ እግሩን ሲያወራጭ ይውላል። መብረሩም መብረር አይባል፤ አመሻሽ ላይ ከግንድ ግንድ ይላተማል። ዕድሜውን የሚፈጀው ነጭ ትል ሆኖ ዋንዛ ውስጥ ተጋድሞ እንጨት በማላመጥ ነው። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ጥቂት ሳምንት ይጎርርና ይሞታል። ዙሪያው ሁሉ ባሕር ዛፍ ስለሆነ ከደብሩ ደን ውጪ አይተነው አናውቅም።

ከዚያ ደን ጭራሮ ማንሳት እንኳ ግዝት ነበር። አንድ ክረምት ግን ትልቁ ዋንዛ ተቆርጦ አደረ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ በላቸው በሕዝብ ፊት አባቴ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ጠባቂው ካልሸጠው ማን ሸጠው?» አሉ። አባቴ ማለ፤ የሰማው የለም። ከጥበቃው አነሡት። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ሰላም ሳይለው ያልፍ ጀመር፤ እናቴንም ምንጭ ላይ «የዋንዛ ነጋዴ ሚስት» ይሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ አቶ በላቸው አዲስ ቤት ሠሩና የሚካኤልን ዝክር ደገሱ። ከዝክር ማንም አይከለከልምና አባቴ እኔን አስከትሎ ሄደ፤ በር አጠገብ ተቀመጥን። ቤቱ መካከል ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። አቶ በላቸው በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ከዓባይ በረሃ ያስመጣሁት ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት የኔታ ዋንጫ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ወደቀ። የኔታ ቀና አሉ። ከአንዲት ቀዳዳ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ወጥተው ይወዛወዛሉ።

«በላቸው፣ ይኼ እንግዳ ከየት ነው?»

«ከደን በርሮ የገባ ነው የኔታ።»

«በርሮ ከገባ ወገቡ እንጨቱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ከጥግ አንድ ገበሬ «የእኛው ጢንዚዛ ዓባይ በረሃ ዘመድ አለው ለካ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ በላቸው ሊጨፈልቁት ሲንጠራሩ የኔታ ክንዳቸውን ያዙ። ጢንዚዛው ወገቡን ቀስ ብሎ መዘዘ፤ አንዴ ሲጢጥ አለና የኔታ ጠላ ውስጥ ተዘፈቀ።

«ወድቆ ያገኘሁት ዛፍ ነው» አሉ አቶ በላቸው በመጨረሻ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ጉቶውን በመጥረቢያ የመታውስ ንፋሱ ነው?» አሉ የኔታ።

አባቴ ወደ ጥበቃው ተመለሰ። አገሩ ግን የሚያወራው ስለ ጢንዚዛው ብቻ ሆነ። ሚካኤል የላከው ነው ተባለ፤ ቀዳዳዋን የተሳለሙ ሴቶችም ነበሩ። ያ ሆዳም እኮ የሚበላው እንጨት ስላለቀበት ነው የወጣው! የአባቴን እጅ ይዞ «ይቅር በለን» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ማታ ከደኑ ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ አንተን ምን አሉህ?» አልኩት።

«ምን ይሉኛል ልጄ? ሁሉንም ለጢንዚዛው ብለውት ጨረሱ።»

አምና ደኑን ዞርኩት። ሳስቷል፤ ሽታው እንኳ የባሕር ዛፍ ሆኗል። ጢንዚዛ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ ስፈልገው ራሴን ታዘብኩት። የዚያ ዘመን ሰዎች አሁን አባቴን ያከብሩታል፤ በየዝክሩ «ወደ ላይ ከፍ በል እንጂ» ይሉታል።

እሱ «እዚህ ይሻለኛል» ይልና ዛሬም በር አጠገብ ይቀመጣል።