የሰማችውን የጻፈች እህት

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሌባ ጣቷ ጥፍር ነው። የሌሎቹ ጣቶቿ እስከ ሥጋቸው ተከርክመዋል፤ ይሄኛው ብቻ ረዝሞ ጫፉ እንደ እርሳስ ሾሏል። ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ፣ ያ ጥፍር ቁልፎቹ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተማሪዎቹ አመል ይመስላቸዋል።

አመል አይደለም። በዚያ ጥፍር አራት ዓመት ሙሉ በወንድሟ መዳፍ ላይ ግራፍ ስትስል ኖራለች።

ወንድሟ ዓይነ ስውር ነው፤ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ሒሳብ ሊያጠና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚያነብለት ሰው ጠፋ። ታሪክ ቢሆን ማንም ያነባል፤ ይሄ ግን ግማሹ ምልክት ነው። እናታቸው "አንቺ ዓይን ሁኚው" አለቻት። እሷም የራሷን የመግቢያ ውጤት አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ተከተለችው።

ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ቀኑን ሙሉ ድምጿ አይጠፋም ነበር። "ቅንፍ ክፈት፣ ኤክስ ሲቀነስ አንድ፣ ቅንፍ ዝጋ።" የግቢው ተማሪ "ቅንፍ መጣች!" እያለ ይቀልድባት ነበር። ወንድሟ አንድ ነገር ሲበራለት መልሶ ያስረዳታል፤ ይገባት ይሆን ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

"አየሽ እታለም፣ ነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ጫማ ሳይወልቅ ካልሲ አይወልቅም" ይልና ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ገጹን ሳትገልጥ ቀጥሎ የሚመጣው መስመር ታወቃት። ማለቂያ የሌለው ድምር፣ እንደ ደከመው ወፍ፣ አንዲት ትንሽ ቁጥር ላይ መጥቶ ሲያርፍ አየችና ዕንባዋ መጣ። ለማንም አልተናገረችም።

በመጨረሻው ፈተና እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ምልክቶቹን የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ ትምህርት ክፍሉ ፈቀደላት፤ አስፈረማትም፦ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። አንደኛ የወጣው ተማሪ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀጠራል። ወንድሟና ሌላ አንድ ልጅ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወንድሟ ቸኮለ። መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበትን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አለፈ። እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ጻፍሽ?" አላት።

ጻፈች።

ቦታው በግማሽ ነጥብ ለሌላው ልጅ ሆነ። ወንድሟ ቅሬታ ሊያቀርብ የፈተና ወረቀቱን አስወጣና የትምህርት ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አነበበችለት።

"እዚህ ጋ መምህሩ በቀይ አክብቦበታል።"

"ለምን? ምን አለበት?"

"ካልሲውን አስቀደምከው። ድምሩ ወደ መዳረሻው በሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት መጠጋቱን ሳታሳይ ነው ያለፍከው።"

"መምህሩ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?" አለ።

"አዎ" ብትል ያልቅ ነበር። አራት ዓመት እንዳደረገችው፣ የሌላ ሰው ቃል ያነበበች መስላ ታልፈው ነበር። በዚያች ቀን ግን አላደረገችውም።

"መምህሩ ክብ ብቻ ነው ያደረገው። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"አንቺ? ይገባሽ ነበር?"

"ይገባኝ ነበር።"

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ስትናገረው።"

ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ፤ ምን ሊያደርገው እንደሆነ እንጃ። "የፈተናው ተቆጣጣሪ እኮ እያንኮራፋ ነበር!" አለ። "ሳል እንኳ ብትስይ ምናለበት? 'እህ' ማለት ያቅትሻል?"

"ፈርሜያለሁ፣ ወንድምዬ። ደግሞ መልሱ ያንተ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት።"

"አንዲት መስመር ያላንቺ አንብቤ አላውቅም። የቱ ነው የኔ?" ዘንጉን በእጁ ዳብሶ አገኘና ተነሣ። "እኔ እኮ ዓይኔ ብቻ መስለሽኝ ነበር" አላት፤ ድምፁ ቁጣም አልነበረበትም። ደረጃውን ብቻውን ወረደ።

ዛሬ እሱ የአንድ ሆስፒታል ስልክ አገናኝ ነው። ሁለት መቶ ምናምን የውስጥ ቁጥር በቃሉ ይዟል፤ ሒሳቡ ያደረሰው እዚያ ነው። እሷ ትተይባለች። የተማሪ የሒሳብ ማረጋገጫ መሃል ላይ ሲሰበር ታያለች፤ "ይቺን መስመር እስቲ ደግመህ እያት" ትላለች። "እትዬ፣ አንቺ ተይቢው ብቻ" ይሏታል።

ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዳንዴ ስልክ አንሥታ ሆስፒታሉ ትደውላለች።

"ጤና ይስጥልኝ፤ የትኛውን ክፍል ላገናኝዎት?"

የምትጠራው ክፍል የላትም። ዝም ትላለች። እሱም ይጠብቃል፤ ለደዋይ ከሚጠበቀው በላይ ይጠብቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እታለም፣ መስመሩ ይፈለጋል" ይላታል።

ትናንትም እንዲሁ አላት። ስልኩን አስቀመጠች፣ ማሽኑን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ነበር፤ አልተሳፈረችም። ከግቢው የሚወጣውን ተማሪ እየሰነጠቀች ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን ቁልቁለት በእግሯ ወረደች።