አያ ፈንቴና የፊታውራሪው ፒካፕ

በደብረ ታቦር፣ በወገዳና በጋይንት ላላችሁ ወዳጆቻቸው፣ መርዶው ላልደረሳችሁም ሁሉ፤ የእስቴ፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማው መካኒክ አቶ ፈንቴ ወርቄ ዐርፈዋል። ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ወጥተው ሲመለሱ፣ በገዛ እጃቸው ጉልበት በጨመሩላት ፒካፕ ውስጥ ሞቱ። ዛሬ አርባቸው ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ደሴ፣ ስድስት ዓመት ከሥራቸው ሆኜ ቁልፍ ያቀበልኩ ተማሪያቸው ነኝ። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ወሬ ሰምታችኋል። አብዛኛው ውሸት ነው፤ ውሸቱም እስከ ዛሬ የቆየው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

አያ ፈንቴ የቀጥቃጭ ልጅ ነበሩ። የእስቴ ሰው ይህን አንድ ቀን እንኳ እንዲረሱት አልፈቀደላቸውም። አባታቸው ማረሻ የሚሠሩለት ገበሬ ሁሉ ማረሻውን ይወዳል፣ ደጃቸውን ግን አይረግጥም ነበር። ልጅዬው ጎንደር ሄደው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሞተር ተምረው ሲመለሱም ነገሩ ያው ሆነ። መኪናውን ለጥገና የሚያመጣላቸው ሰው ሕፃን ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። ቡዳ ናቸው ይባላላ!

በገበያው ዳር ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት ባልቴት ሞተራቸው በቆመ ቁጥር ያስጠሯቸው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ጠላ ይቀዱልናል፤ ለእኔ በብርጭቆ፣ ለእሳቸው ግን ለብቻዋ ተለይታ ከበሩ ኋላ በምትንጠለጠል ቅል። አንድ ቀን ቅሏን ልከሰክሳት ስነሣ እጄን ያዙኝ። «ተው ደሴ። እኔ የመጣሁት ለሞተሩ ነው፤ ሞተር ደግሞ ዘር አይጠይቅም» አሉኝ። ጠላቸውን ጨርሰው ባልቴቷን አመስግነው ወጡ። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ወፍጮ አሸዋ አጎርሰው ነበር።

እንዲህ ሳለ ፊታውራሪው ፒካፕ ገዙ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታውቋቸዋላችሁ። መኪናዋ ባዶዋን ደህና ትሄዳለች፤ ስንዴ ሲጫንባት ግን ከዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ትላለች። ጭሰኛው ወርዶ እያላበው ይገፋል፤ በቅሎ የተቀመጠ ሁሉ «የፊታውራሪ መኪና ሰው ትሸከማለች ወይስ ሰው ይሸከማታል?» እያለ ያልፋል። ፊታውራሪው አያ ፈንቴን አስጠርተው «ጉልበት ስጣት፤ ካልሆነልህ ወደ አባትህ መዶሻ ተመለስ» አሏቸው።

አያ ፈንቴ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ብዙ ካዳመጡ በኋላ «አገራችን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ትንፋሽ አጥሯታል እንጂ ሰነፍ አይደለችም» አሉ። ደብረ ታቦር ከተጣለ አንድ የመንገድ ሥራ መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር የሚባለውን አየር መግፊያ ፈትተው አመጡና በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር አገናኙት። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የአባቴ ወናፍ ነዋ! አየሩን እየጠቀጠቀ ያጎርሳታል» ብለው ሳቁ። ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋልና ካርቡራተሩን ለወጡ፤ ሙቀቱ ስለሚበዛ ትልቅ ራዲያተር አስገቡ፤ ጭነቱን እንድትችል ባሌስትራ ደረቡ። ሦስት ወር ፈጀብን። የቀረው ፍሬኑ ነበር። አዲሱ የፍሬን ሸራ ከጎንደር እስኪመጣ ድረስ ማንም መኪናዋን እንዳይነካ አስጠነቀቁ። «ጉልበት የጨመርክለትን ማቆሚያ ሳትጨምርለት አትልቀቀው» ይሉ ነበር፣ ስለ መኪናም ስለ ሰውም።

በአንድ የገበያ ቀን ፊታውራሪው ሰው አስከትለው መጡ። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው «ጌታዬ፣ ፍሬኑ አልደረሰም፤ ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አሏቸው። ፊታውራሪው ወደ ሕዝቡ ዞረው ሳቁ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ቡዳው በልቷታል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «እሰሩትና ይለፍልፍ!» አለ። ገመድም መጣ። ደሜ ፈላ። ፒካፗ ላይ ዘልዬ ወጣሁና «ንጉሥ ይሙት! ይህች መኪና ዛሬውኑ ስንዴ ጭና ዳገቱን ወጥታ እዚሁ ሜዳ ትመለሳለች!» አልኩ።

በንጉሥ ሞት ምሎ ቃሉን ያልሞላ ሰው ይገረፋል፣ ይታሰራልም። ከፊታውራሪው ጋር የመጣው ጭቃ ሹም ወዲያው ምስክር ቆጠረና ጅራፉን ከትከሻው አወረደ። አያ ፈንቴ ጅራፉን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ማን ማል አለህ?» አሉኝ።

ስንዴው ሲጫን ገብተው መሪውን ያዙ። ሊነሡ ሲሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ስመለስ በአንደኛ ማርሽ ይዣት እወርዳለሁ፤ ሜዳው ላይ ግን ቶሎ አትቆምልኝም። ያንተ ሥራ አንድ ነው፤ መንገዱን ከሰው አጽዳ» አሉኝ። «እሺ አያ» አልኳቸው።

ፒካፗ እያፏጨች ዳገቱን ወጣችው። አንድም ጊዜ አልቆመችም። በቅሎዎች ደነበሩ፣ ሴቶች እልል አሉ። ያ «ቡዳው በልቷታል» ያለው ሰውዬ ራሱ በትከሻው አነሣኝ። እኔም ፎከርኩ! «ዘራፍ፣ የፈንቴ አሽከር!» እያልኩ ከትከሻ ትከሻ ሲቀባበሉኝ፣ ሕዝቡ ሊያየኝ እየተጋፋ መንገዱ ውስጥ ገባ። መንገዱን በሰው የሞላሁት እኔ ነኝ።

ክላክሱን ስሰማ መኪናዋ ከመጨረሻው ኩርባ ወጥታለች። አያ ፈንቴ ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ሲረግጡ፣ ወገባቸው ከወንበሩ ሲነሣ አየሁ። አልያዘላቸውም። ፊት ለፊታቸው እኛ ነን፤ በቀኛቸው የድንጋይ ካብ ነው። መሪውን ወደ ካቡ አዞሩት። ሊያስሯቸው ገመድ ካመጡት ሰዎች አንዱ እንኳ አልተቧጨረም።

ፊታውራሪው መጀመሪያ የጠየቁት «ወናፉ ተርፏል?» ብለው ነው። ጭቃ ሹሙ ጅራፉን ትከሻው ላይ መልሶ «ሜዳው ደርሳለች፤ መሐላህ ሞልቷል፤ ሂድ» አለኝ። አስከሬኑን የሚያነሣ ሰው ስለጠፋ እኔና ሁለት ወንድሞቻቸው ተሸከምናቸው። ባልቴቷ በዚያው ቀን ቅሏን ከእሳት ጨመሯት። እናታቸው «ልጄን ምን ገደለብኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ፍሬን ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

አያ ፈንቴ፣ እንግዲህ የቀረኝ ለእርስዎ ነው። አገሩ ጥፋቱን ለዘርዎ ሰጥቶ እኔን ነጻ አወጣኝ። «ደሴ ለጥቂት ከቡዳው ተረፈ» እያሉ በየቤቱ ሲጋብዙኝ፣ አርባ ቀን ሙሉ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ ይህን በተዝካርዎ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ፤ እናትዎም ይሰማሉ። መንገዱን አጽዳ አሉኝ፤ እኔ ፎከርኩ። የገደልኩዎት እኔ ነኝ። ደህና ይረፉ፣ አያዬ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ሳልለምንዎት ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁና፣ ልሸከመው የማልችለው እሱን ነው።