ጉም የገባበት ሳጥን

መሐል ሜዳ ከተማ ስመደብ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አንድ ነበር፤ እሱም ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ጨርቁን የምታነሣው መዝጋቢዋ ብቻ ነበረች። እኔ የተማርኩት የኮምፒውተር ሙያ ስለሆነ የእርዳታ ስንዴ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም እንድሠራ ታዘዝኩ። ስንዴው የሚሰጠው ቤት ውስጥ በሚያድረው ሰው ልክ ነው። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ስሞች ተደርድረው የሚታዩባት ትንሽ መስኮት ሠራሁ፤ የሙያው ሰዎች ዲያሎግ ቦክስ እንላታለን።

መጀመሪያ ስሞቹን በተራ ዝርዝር ነበር ያስቀመጥኳቸው። ቤት ያለውን ሰው በማውስ እየነኩ መምረጥ ነው። መዝጋቢዋ ብዙውን መርጣ መጨረሻው ላይ ጣቷ ከሳተ ምርጫው ሁሉ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የምትረግመው እኔን ነው። በየስሙ ፊት ትንሽ ነጭ ሳጥን አስገባሁላት፤ ሲነኩት ራይት ይገባበታል፣ ሲደግሙት ይወጣል። ያም ቢሆን አመሉን አልተወም። የመጀመሪያው ንክኪ ስሙን ሰማያዊ ያደርገዋል እንጂ ራይት አያስገባም፤ እሷ ግን ሰማያዊ ከሆነ በቃ ብላ ታልፈዋለች። አንድ ቤተሰብ ባዶ ከረጢቱን ይዞ ሲመለስ አየሁና አንዲት መስመር ጨምሬ በአንድ ንክኪ እንዲገባ አደረግሁ። ማን እንደ እኔ አልኩ። ራይት ያለው አለ፣ የሌለው የለም፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ክፍል ያከራዩኝ ባልቴት ከተማው ጠርዝ ላይ ገብስ የሚያሳርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሴት ነበሩ። አብራቸው የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ወንዱ ልጃቸው ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አልተመለሰም፤ ሞተ ያላቸውም የለም። የበግ ፀጉር ሲፈትሉ፣ «ለሱ በርኖስ ነው፤ ሲመጣ ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል» ይሉኝ ነበር። እኔም «ይሆናል» እላለሁ።

ሊመዘገቡ የመጡ ዕለት ከመዝጋቢዋ ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ልጅዎ ቤት ያድራል?» አለቻቸው።

«ዘማች ነው።»

«ቤት ያድራል ወይ ነው የምልዎት፣ እማማ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። እሷም ከስሙ ፊት ቀድማ ያስገባችውን ራይት አነሣችው። አከራዬ ፊደል አይለዩም፤ ግን በእሳቸውና በልጅቷ ረድፍ ላይ ምልክት እንዳለ፣ በእሱ ላይ እንደሌለ አዩ።

«ምነው የሱን አጠፋሽው?»

«የለማ!»

«ሳልረዳ?» አሉ።

በእኛ አገር መርዶ ሳይነገር ሰው አይሞትም። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ጎህ ሲቀድ ደጅ ቆመው እስኪያረዱ ድረስ ሙሾ ማውረድ፣ ጥቁር መልበስ፣ «የለም» ማለትም ቢሆን ሟርት ነው። መዝጋቢዋ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ምን እንዳለች ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አከራዬ «ስንዴው ይቅርብኝ፤ ልጄን ግን የለም አትበሉብኝ» ብለው ወጡ።

በንዴት ነው የሠራሁት። በጦርነቱ ይሁን በዚያች ነጭ ሳጥን የተናደድኩት እንጃ። ሳጥኑ ሦስተኛ መልክ ሊኖረው እንደሚችል አውቅ ነበር፤ «አለ»ም «የለም»ም የማይል፣ ውስጡ ግራጫ የሚሆን። ስንዴ አያስቆጥርም፣ ሰውየውንም የለም አይልም። ሲነኩት ባዶው ራይት ይሆናል፣ ራይቱ ግራጫ፣ ግራጫው ተመልሶ ባዶ። ሥራዬን ስጨርስ አከራዬን ለምኜ አመጣኋቸው።

ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት።

«ጉም ነው» አሉ። «ጉም ደግሞ ይገልጣል።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ወሬው ገበያ ወጣ። «የኔንም ልጅ ጉም አድርግልኝ» የሚሉ እናቶች ከየቀበሌው መጡ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እያደር ግን የአንድ ቤተሰብ ዝርዝር በከፈትኩ ቁጥር ግራጫ እያየሁ ያቺን መስኮት መክፈት ፈራሁ፤ ሥራውን ለመዝጋቢዋ ትቼ እኔ ሰበብ እየፈለግሁ ደጅ እወጣ ጀመር።

መርዶው የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። አከራዬ ቤት ስለምኖር ሽማግሌዎቹ «አብረኸን ቁም» አሉኝ። ሊነጋጋ ሲል ከክፍሌ ወጥቼ፣ አጥሩን ዞሬ ከውጭ ተቀላቀልኳቸው። አከራዬ በር ከፈቱ። ቄሱን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ አሁንም ሌላ ምክንያት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝ። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ያደርኩት ሰው ከእንግዶቹ ጋር ደጅ ቆሜያለሁ።

«አንተም?» አሉኝ።

ማንም ገና አልተናገረም ነበር። የጮኹት ጩኸት ዛሬም ያመኛል።

ከአርባው በኋላ ጥቁር ለብሰው ቢሮ መጡ። «እኔ ላንሣው፤ ሌላ ሰው አይንካብኝ» አሉ። ማውሱን እጃቸው ሥር አደረግሁላቸው።  ሲጫኑት ግራጫው ጠፍቶ ነጭ ሆነ። ግን ጣታቸው ሳያስቡት ደገመውና ራይቱ ብቅ አለ፤ ከእሳቸውና ከልጅቷ ጋር እኩል። አይተውት ቀሩ። መዝጋቢዋ ልታርመው ስትል እጇን ያዝኩ። ውጭ ሰልፈኛው ያጉረመርማል።

«ትንሽ ይቆይ» አሉ።

ቆየ። ከራይቱ በቀጥታ ወደ ባዶው አይኬድም፤ መጀመሪያ ግራጫውን ማለፍ ግድ ነው። ጫኑት፤ ጉሙ ተመለሰ። እንደገና ጫኑት፤ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

መዝጋቢዋ ደንቡ ነውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ቤት የሚያድረው ማን ማን ነው፣ እማማ?»

«እኔና እህቱ» አሉ።