ከእንቁላሏ የማትነሳው ወፍ

ካሜራውን የሰጠችኝ ልጄ ናት። ኮሮና የገባ ሰሞን አሜሪካ፣ ዌስተርቪል የሚባል ከተማ ቤቷ ውስጥ ከመስኮት መስኮት ስመላለስ አይታ፣ «አባዬ፣ እባክህ አንድ ነገር ያዝ፣ ምንጣፉን ጨረስከው» አለችና ከሥራ ባልደረባዋ የተረፈ አሮጌ ካሜራ አመጣችልኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ካሜራው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ አልዘልቀውም። ዙም ማድረጊያውንና ማንሻውን አወቅሁ፣ ሌላውን አልነካሁም። የጓሮውን ወፍ አንድ ሳይቀረኝ አነሳሁ። እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፣ ወፍም ቁጭ አይል፣ ተስማማን።

በዓመቱ ክትባቱን ወስደን ሰው መጠያየቅ ሲጀምር፣ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ካሉ አንድ ወዳጄ ዘንድ መሄድ አበዛሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ግላኮማ የሚሉት በሽታ እየወሰደባቸው ነበር። ግራው አልቋል፣ ቀኙም በረዶ እስኪመጣ ቢቆይ ነው ብሏቸዋል ሐኪሙ።

ይህን ሲነግሩኝ አላዘኑም፤ ወይም አላሳዩኝም። የቆጫቸው ሌላ ነገር ነው። ምጽዋ ሳሉ ከባሕሩ መሀል ደሴቶቹ ላይ ያድሩ ነበር። እዚያ ወፎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት አሸዋው ላይ ነው። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ የታቀፈችዋ አትነሳም፣ አንገቷን አዙራ ታያለች እንጂ። «የልጆቼን ፊት አይቼ ጠግቤያለሁ» አሉኝ እየሳቁ። «እሷን ግን አንድ ጊዜ ባይ ደስ ይለኛል።»

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዕረፍት የለኝም። በረዶው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ብዙ ይመስላል እንጂ ወፍ የምትታቀፈው ጥቂት ሳምንት ነው። ልጄን ጠዋት ማታ ነዘነዝኳት። እሷም ሥራ ቦታ ስትጠይቅ፣ የአንዲት ባልደረባዋ ባል በስተሰሜን ትልቁ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለው። ሰው የማይኖርበት፣ ወፎች ብቻ የሚፈለፈሉበት ደሴት ያውቃል። መውረድ ክልክል ነው፣ ከጀልባው ላይ ግን ማየት ይቻላል አለ።

ልጄ ከሥራ ኦፍ በሆነችበት ቀን ሄድን። በመኪናው ውስጥ ደረስን ወይ፣ ደረስን ወይ እያልኩ አሰለቸኋቸው። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው፣ «ይሄን ሰውዬ ከኋላ ጫኚው፣ ከዕቃው ጋር» ይሏታል ለልጄ።

ደሴቷን እኔ ሳላያት እሳቸው አሸተቷት። የወፍ ኩስ ሽታ በነፋስ መጣና ኮፍያቸውን አወለቁ። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ የተቀባ ይመስላል፣ ዛፎቹ ደርቀዋል፣ ጩኸቱ ለጉድ ነው። ባለጀልባው ገና ሩቅ ሳለን ሞተሩን አጠፋ። ከዚህ በላይ ከተጠጋን ይነሱና ሌሎቹ ወፎች እንቁላላቸውን ይበሉባቸዋል አለ፤ ልጄ ተርጉማ ነገረችን። ጋሼ ወደ ጩኸቱ ዞረው ቆሙ። ለሳቸው ያ ሁሉ አንድ ነጭ ጭጋግ ነበር። እንግዲህ የሚያዩት እኔ ባነሳሁት ብቻ ነው።

ጀልባው ይወዛወዛል። አንዴ ሰማይ አነሳለሁ፣ አንዴ ውሃ። የካሜራውን ድምፅ ሲሰሙ ነው መሰለኝ፣ «አንተ፣ ከጀልባው ጋር አትታገል። እግርህን ከፈት አድርገህ ቁም» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ላንሳ ወይ አልኳቸው።

«ቁጭ ማለትማ መቼ ታውቅበታለህ።»

ከዚያ ሁሉ አንዲት ደህና ወጣች። አንገተ ረጅም ጥቁር የውሃ ወፍ፣ ከጫፉ ድንጋይ ላይ በጭራሮ ጎጆዋ ታቅፋ፣ አንገቷን ወደ እኛ አዙራ።

እሑድ ልጄ ጋሼን ቤት ጋብዛ ሥዕሉን በትልቁ ቲቪ ላይ አወጣችው። ወንበራቸውን አስጠጋንላቸው። ወዲያው፣ «ውይ፣ ታምራለች። እግዜር ይስጥህ፣ አየኋት» አሉ። ልጄ አጨበጨበች። ምሳ ተበላ፣ ተሳቀ።

እኔ ግን ጠረጠርኩ። የእኛን ሰው አውቀዋለሁ፤ ራሴንም አውቀዋለሁ። ጨው የበዛበት ወጥ ቀርቦልን እጅሽን ይባርከው ብለን እንጨምራለን። ጋሼ ቶሎ አመሰገኑ። ፊታቸውም ወደ ቲቪው ጠርዝ ነበር የዞረው።

ያን ሳምንት ሰፈሩን ስዞር ጎረቤቶቹ ውሻ የጠፋኝ ሳይመስላቸው አልቀረም። ልጄ፣ ለምን ዝም ብለህ አትጠይቃቸውም ትለኛለች። እዚህ አገር አድጋ ነው፤ ለሷ ቀላል ነው። ትልቅ ሰውን እውነት አይተዋል ወይ ማለት ዋሽተዋል ማለት አይደለም? ዝም ብል ደግሞ ወፏ ትነሳለች፣ በረዶው ይመጣል፣ እሳቸውም አየሁ እንዳሉ ይቀራሉ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ስለ አየሩ አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ተነስቼ በሩን ከያዝኩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ያን ዕለት ወፏን አይተዋታል?» አልኳቸው።

ወደ ድምፄ ዞሩ። «ልጅህ ያለ ዕረፍት የምትሠራ ልጅ፣ ያን ቀኗን ለእኔ ሰጥታ፣ አንተም እንደዚያ ደክመህ፣ አላየሁም ልበል?»

«ይበሉ እንጂ።»

«አላየሁም።»

ሁለታችንም ቀለል አለን መሰለኝ። ቲቪ ብርሃኑ ዓይናቸው ውስጥ እንደሚበተንባቸው ያኔ ነገሩኝ። ወረቀት ሲሆን፣ በመስኮት ብርሃን፣ ትንሽ ትንሽ ይለያሉ። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ ልናገር አልኩና ተውኩት።

ልጄ ሥዕሉን ፎቶ ቤት ልካ የእንጀራ ትሪ በሚያክል ወረቀት አሳተመችው። ይዤላቸው ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ጎን አዘነበሉ። ዓይናቸው ላይ በቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ነው የሚፈልጓት። እኔ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ቆምኩ።

«ብርሃኔን አትጋርደኝ» አሉ። ፈቀቅ አልኩ።

አንገታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ዓይኗ ምነው አረንጓዴ ሆነ?»

የዓይኗን ቀለም ማንም አልነገራቸውም ነበር።

«እንዲያ ሆና ነው የተፈጠረችው ጋሼ።»

«የእኛዎቹ እንዲህ አልነበሩም» አሉና ወረቀቱን አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉት። እኔም ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።