ዊንዶውስ መስሎ የከረመው ኮምፒውተር

እቴነሽ ከኩዌት የተመለሰች ጊዜ ዘመድ ሁሉ ልብስ ቤት ክፈቺ ብሏት ነበር። እሷ ግን አልሰማችም። ደብረ ታቦር ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የመጣላትን ሁሉ ትጽፋለች። እጇ ፈጣን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ አለኝ የምትለው ይህችን ቤት ብቻ ነው፤ ይህች ከተዘጋች ደግሞ ተመልሳ የምትሄድበትን ቦታ አሳምራ ታውቀዋለች። ለዚህ ነው የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ደሟን ያፈላው።

ነገሩ የጀመረው በፍላሽ ነው። አገሩ ሁሉ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ቫይረሱም አብሮት ይዞራል። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከነምዕራፉ ብን ብሎ ጠፋ። ልጅቷ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እቴነሽም አብራት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በማግስቱ ሙላቴን አስጠራችው። ሙላቴ ከሞባይል እስከ ቴሌቪዥን የተበላሸ ነገር የሚጠግን፣ ምላሱም ከእጁ የማይተናነስ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን አገላብጦ አየው።

«ስሚኝ እቴነሽ፣ ዊንዶውሱን ደግሜ ብጭንልሽ በወሩ መልሰሽ ትጠሪኛለሽ። ሊኑክስ ልጫንልሽ» አላት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያው ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነዋ። ዊንዶውስ የሚሠራውን ይሠራል፤ መልኩ ነው የሚለየው። ይሄ በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስም አያገኘውም።»

ጫነላት። ሁለት ሦስት ቀን እየተደናበረች ለመደችው። ሲከፈት እንቅልፍ ያስወስድ የነበረው አሮጌ ማሽን ፈጠነ፤ አማርኛውን ይጽፋል፣ ያትማል፣ ፋይል አይጠፋበትም። ከከፈተች ጀምሮ እንደዚያ ቀልሏት አያውቅም።

ደስታዋን ያበላሸው ደንበኛው ነው። በእኛ አገር የሚያጽፍ ሰው ተቀምጦ አይጠብቅም። ከጸሐፊዋ ትከሻ ጀርባ ይቆምና ትንፋሹን አንገቷ ላይ እየለቀቀ ስክሪኑን ይከታተላል። የምትጽፈውን ቢከታተል ደግ ነበር። አንዱ መጥቶ የማያውቀውን መልክ ሲያይ «ዊንዶውስ የለሽም እንዴ?» ይላል። ሌላው «ፋይሌን ይበላብኛል» ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ይወጣል፤ ሄዶም ከጎን ካለው ቤት ቫይረሱን ሸምቶ ይመለሳል። ይሄን ጉድ ቁጭ ብላ ማየት ነበረባት።

የባሰባት የአቶ ይሻው ነው። አቶ ይሻው የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቤቷን ቀጥ አድርጎ የያዘውም የሳቸው የፈተና ጽሑፍ ነበር። እውነት ለመናገር ሰውየው የሚፈሩት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ዱሮ ሌላ ቦታ ያስጻፉት ፈተና ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሞ፣ ተማሪ ፊት አፍረዋል። ስክሪኑን አዩና «እቴነሽ ልጄ፣ ይሄ የደኅና ሰው ኮምፒውተር አይመስልም» አሏት። አንድ ገጽ አትማ «ይኸው፣ አንቱ ራስዎ ይዩት» ብላ ብትሰጣቸው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀረ። አንድ ፊደል እንኳ አላነበቡም። ፈተናቸውን ይዘው ወጡ።

ቤቱ ጭር ማለት ሲጀምር ሙላቴ መፍትሔ ይዞ መጣ።

«ዊንዶውስ እናስመስለዋለን፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከውስጥ አይነካም፣ ከላይ ብቻ ነው።»

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው የማስመስለው?» አለች እቴነሽ።

«ምንም አላጠፋሽም። ሰዉ እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። ሙላቴም እንደ ሙሽራ ሚዜ ሽር ጉድ ሲል ዋለ። ከታች በግራ ጥግ አራት ክፍል ያላትን የመስኮት ምልክት ተከለ። አረንጓዴውን የዊንዶውስ ኮረብታ ከነሰማዩ ስክሪኑ ላይ አነጠፈ። የቆሻሻ ቅርጫቷን ሳትቀር ከቦታዋ አስቀመጠ፤ የመጻፊያ ፕሮግራሙንም ሰው የለመደውን አስመሰለው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር አገኘላት፤ ከፈለገችም ወደ ዱሮው መልክ የሚመልሰውን ቦታ አሳያት። ሲጨርስ ወደ ኋላ ብሎ እያየው «ራሱ ዊንዶውስ ቢያየው ወንድሜ ይለዋል» እያለ ሳቀ። እቴነሽ አልሳቀችም።

ደንበኛው ተመለሰ። ያው ማሽን፣ ያው እጅ፣ ያው ወረቀት፤ «አሁን ተስተካከለልሽ» ይላሉ። ፍላሹን ነቅሎ የሄደው ሰው «ፍጥነቱስ» ብሎ አደነቀ። ባደነቁ ቁጥር ይብስባታል። ሲሰድቡት ብትናደድ ወግ ነው፤ ሲያመሰግኑት እንዲህ መብገኗ ግን ለሙላቴ አልገባውም። «ሥራ አገኘሽ፣ ምን ቀረሽ?» ይላታል። ምን እንዳንገበገባት ለራሷም ጥርት ብሎ አልታያት።

አቶ ይሻውም ተመለሱ፤ ሁለት ወር ያህል የክፍል ፈተናቸውን እሷ ዘንድ አስጻፉ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲደርስ አንድ ጠዋት ወረቀታቸውን ታቅፈው መጡ። ውጭ ዝናብ ነው፤ ቤቱ የሚያጽፍና የሚጠለል ሰው ሞልቶታል። ከትከሻዋ ጀርባ ቆመው ጥቂት እንደ ተመለከቱ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ያን ጊዜ አንድ የማይረባ ነገር አስገብታ ነበር። እኛ መክረን አስጣልናት። አሁን እዩት፣ ዊንዶውስ ማለት ይሄ ነው።»

የእቴነሽ እጅ ቆመ። ቀና ብላ ሰው ሳታይ ሙላቴ ያሳያትን ቦታ ነካች። ኮረብታው ከነሰማዩ ሄደ፤ የመስኮቷ ምልክት ሄደች፤ ያ ያባረራቸው መልክ ፊታቸው ተገተረ። የጀመረችው ፈተና ግን እንዳለ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ አልጎደለበትም።

«የማይረባ ያሉት እሱ ነው» አለች። «የትም አልሄደም። ሁለት ወር ሙሉ ሲጽፍልዎት የከረመው ይሄው ነው።»

አቶ ይሻው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጎንበስ ብለው እንደ አባት ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሯት።

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ? መልሺው በይ። እኔም አላየሁ፣ አንቺም አልነገርሽኝ። መልኩ ቢቀየር ማን ይጎዳል? ሥራሽ እንደሆነ አይቀንስ።»

እቴነሽን የቆረጣት ይህች የመጨረሻዋ ቃል ነች። ከወንበሯ ተነሣች።

«ይሄንን ቃል ኩዌት ሰምቼዋለሁ» አለች። «ማዳሟ ስምሽ ለአፌ አይመችም፣ ሊና ነው የምልሽ አለችኝ። ደላላውም እንዳንቱ ነው ያለኝ፦ ስምሽ ቢቀየር ምን ትሆኛለሽ፣ ደሞዝሽ እንደሆነ አይቀንስ። አልቀነሰም። ሊና ሲሉኝ አቤት፣ ሊና ሲሉኝ አቤት እያልኩ ኖርኩ። ሊና ጎበዝ ናት፣ ሊና እጇ ንጹሕ ነው ይላሉ ለእንግዳ። የሠራሁት እኔ፣ የተመሰገነችው ሊና። አንድ ቀን እናቴ ደውላ እቴነሽ ብላ ስትጠራኝ፣ ማንን ነው የምትለው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬያለሁ። የገዛ ስሜን። እና መልሺው አይበሉኝ፤ አልመልስም።»

አቶ ይሻው ፍላሻቸውን ነቀሉ፤ ወረቀታቸውን ከኮታቸው ሥር ሸጎጡና ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ከጋፋት ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ባዶ ወደ ሆነው ቦታ ተጠግተው «እንግዲህ የኔን ጻፊልኝ» አሏት። እቴነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ጻፈችላቸው።

በማግስቱ ሙላቴ ቀለም ይዞ መጣ፤ የጠራችው እሷ ነች። በሩ ላይ፣ ከመንገድ እንዲታይ አድርጎ፣ እንዳዘዘችው ጻፈ፦ «የዚህ ቤት ኮምፒውተር ሊኑክስ ነው። የምትጽፍልዎት እቴነሽ ነች።»

ቤቱ አልተዘጋም፤ ሥራው ግን ሳስቷል። አቶ ይሻው ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በሩ ፊት ቆም ብለው ያነቡታል። «እንደምን አደርሽ እቴነሽ» ይሏታል በአክብሮት፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ» ትላለች። ፈተናው ግን አሁንም የሚጻፈው ከጎን ባለው ቤት ነው።