የሦስት ጠርሙስ አማካይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ምን ያህላል? እንድሪስ ሙራድ ይህን ራሱን ሲጠይቅ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የሃያ ሁለት ሰፈር ነጋዴ ልጅ፣ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ዛሬ ሰሚት ከምንለው ወዲያ፣ ከአንድ ቆዳ ማልፊያ በታች ወንዝ ዳር የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ይመረምር ነበር። የየካቲቱ ጠርሙስ አስደነገጠው፤ ከማልፊያው የሚወርደው ክሮሚየም የተባለ መርዝ ለመጠጥ ከሚፈቀደው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ዝናብ መርዙን አቀጠነው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ አጥቦት ጠርሙሱ ንጹሕ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ተማሪዎች ሃያ ሁለት ካለች ኬክ ቤት ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያብጠለጥላሉ። ደንባቸው ጥብቅ ነው። ሦስት ጊዜ ያልተለካ ነገር አይወራም፤ የሚጻፈውም አማካዩ ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ እንድሪስ ነው፤ ቀደም ሲል ባልታጠበ ጠርሙስ ለክቶ ወር ሙሉ ስለሳቁበት።

«አማካዩስ?» አለ አንጋፋቸው እሸቴ፣ እንድሪስ የሦስቱን ጠርሙስ ውጤት ባቀረበ ዕለት።

«ከተፈቀደው በታች ነው።»

«በቃ፣ ይጠጣል!»

«የካቲት ላይ ግን…»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ፀጋ ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ «አማካይ ሳትይዙ አታውሩ ብለህ ስንታችንን አሳፍረሃል! ዛሬ ለራስህ ሲሆን?»

«ሰው አማካይ አይጠጣም፣ ፀጋ። በየካቲት የሚጠጣው የየካቲትን ነው።»

«ይኼ ለጁምዓ ስብከት ይሆንሃል፣» አለ እሸቴ። ሁሉም ሳቁ። እንድሪስም አብሮ ሳቀ፤ ያ ሳቅ በኋላ ከመርዙ ይልቅ መረረው።

ጥቅምት ላይ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ወረደ። ወንዙ መክሳት ጀምሯል፤ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል። ጉድጓዱ አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ውባንቺ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ይቀዳሉ።

«አንተ ባለጠርሙሱ፣ ምን ተገኘ?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

«ገና ማለት ደህና ነው ማለት ነው?»

ጓደኞቹ ያላመኑበትን ነገር አፉ ላይ ማምጣት አልሆነለትም። እሳቸው ዝምታውን እንደ ምሥራች ቆጠሩት።

«እሰይ! እንካ ጠጣ፣ ፀሐዩ አክስሎሃል።»

ጣሳውን ተቀበለ። እምቢ ቢል ምክንያቱን ይጠይቁታል። ጠጣ። ከእሱ ቀጥሎ ሕፃኗ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጨለጠችው። በላያቸው አውሮፕላን ወደ ቦሌ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አንጋጣ ሳቀች።

በዚያው ሳምንት የተማሪዎቹ የጥናት መድበል ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነበር። እንድሪስ መድበሉን ወደሚያሰናዳው ወደ እሸቴ ሄዶ ለመነው። እሸቴ «ለአንድ ሰው ብዬ ደንብ አላፈርስም» አለው። ፀጋ ትከሻዋን ሰበቀች። አማካሪ መምህሩ ቀና ሳይሉ «በሚቀጥለው ዓመት ትደግመዋለህ» አሉት። እስከዚያ ሌላ የካቲት እንደሚመጣ ማንም አላሰበም።

የዚያን ጊዜ ዕድሜው ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት መስመር አከለ፤ የለመናቸውም እሷን ነበር። ከአማካዩ ሥር፣ በደቃቅ ፊደልም ቢሆን፣ «በበጋ ከዚህ ጉድጓድ አይጠጣ» ብላችሁ ጻፉልኝ አለ። የጻፈለት አልነበረም።